ሞተር ሲዋልል

ባለፈው እትም በዚህ ገጽ ላይ ያነበባችሁት ግጥም ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአንድ ወገናችን የመንገድ ትዝታ። ዛሬ ግን የምናጫውታችሁ ስለ ካርቡራቶር ነው። «ሥነ ጽሑፍ ብለን ተራ ስንጠብቅ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ወረቀት ደረሰን» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይበል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት፣ ጊንጥ የነደፈው ሕፃን፣ እድራችን የሚሸኘው አስከሬን ሁሉ ዓይኑን በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ላይ ከጣለ፣ የዚያች መኪና ሞተር ድምፅ ከግጥም ያላነሰ ጆሮ ይገባዋል ባዮች ነን።

መኪናይቱን በእኛ ብሎክ የማያውቃት የለም። የካምፑ ንብረት አይደለችም። ባለቤቷ ከታራች ደረቅ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ የቱርካና ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ምዜ» እንላቸዋለን። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ይሠሩ ከነበሩት ሦስተኛው ዓይነት ላንድሮቨሮች አንዷ ስትሆን፣ ሞተርዋ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ የቤንዚን ነው። ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም እርስዋ አሮጌ ነበረች ማለት ነው። አምቡላንስ ሌላ ቦታ ሲውል፣ ሞተር ብስክሌትም በሽተኛ ማስተኛት አይችልምና፣ ሰዉ የሚሮጠው ወደ ምዜ ግቢ ነው። ቤንዚኑን እድሩ ይከፍላል፤ ምዜ የሚቀበሉት ለሾፌራቸው የሚሆን ትንሽ ነገር ብቻ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ከዝናቡ በኋላ ይህች መኪና መዋለል ጀመረች። መዋለል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ የሰማ ያውቀዋል፤ ላልሰማ እንግለጽ። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ በሚኒሞ ሲያቆማት፣ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ዙሩ ከፍ ይላል፤ ደግሞ ሊጠፋ እስኪመስል ዝቅ ይላል፤ እንደገና ይነሣል። በመንገድ ላይም እግር በአንድ ቦታ ጸንቶ ሳለ መኪናይቱ እየገፋችና እየተወች ትሄዳለች፤ የተሳፈረው ሰው አንገቱ እንደ ዶሮ ይመላለሳል።

ይህ ሲሆን ሾፌሩ ቾኩን ሳብ አድርጎ መንዳት ለመደ። ነገሩ ጋብ ይልለታል። ቤንዚኑ ግን እንደ ውኃ ይጠጣል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ይጠቁራል፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥም በየስብሰባው መዝገባቸውን ገልጠው «ወገኖቼ፣ መኪናይቱ ከቀባሪው በላይ በላች» ማለት አመጡ። በኋላም አንድ ሌሊት፣ ምጥ የጠናባት እህታችንን ይዛ ታራችን ስታቋርጥ፣ በአሸዋው መካከል ዙሩ ወረደና በዚያው ጠፋ። አልነሣም አለች። ሴትዮዋን አራት ጎልማሶች በአልጋ ተሸክመው አሻገሩ። እግዚአብሔር ይመስገን እናትም ሕፃንም ደኅና ናቸው፤ ሕፃኑ አሁን ይድኻል። ዳሩ ግን በዚያ ሌሊት ወንዙ ከላይ ዝናብ አግኝቶ ሊሞላ ይችል ነበር፤ ታራች ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ እዚህ ለተቀመጠ ሰው አይነገርም።

በማግሥቱ መኪናይቱ ተጎትታ ምዜ ግቢ ስትቆም መካሪው በዛ። በካምፕ ውስጥ ካቻቢቴ የጨበጠ ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ካንዴላ ይቀየር አለ፤ ሌላው ፑንቲናው ነው አለ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ኮፈኑን ከፍቶ የካርቡራቶሩን ማስተካከያ ብሎኖች ተራ በተራ ማዞር ጀመረ። ይህን የመጨረሻውን ነው እኛ አጥብቀን የምንቃወመው። የተዋለለ ሞተር ብሎን በማዞር ለአንድ ቀን ሊታረቅ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ባለበት ነው፤ ከዚያም በኋላ ብሎኑ የት እንደነበረ የሚያስታውስ አይገኝም።

በብሎካችን አንድ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያን አለቆች ሥር በጋራዥ ሠርተዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እኛ አስተማሪዎቹ ሄደን ለመንናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በርጩማ ይዘንላቸው ሄድን። ከኮፈኑ አጠገብ ተቀመጡና ሞተሩን አስነሡት አሉ፤ ብዙ ከተለመነ በኋላ ተነሣ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። እኛም አብረን ጨፈንን።

«እናንተ አስተማሪዎች፣ ምን ትሰማላችሁ?» አሉን።

«ይነሣል ይወርዳል፣ ጋሼ።»

«ካንዴላ ቢሆን ይዘል ነበር። እንደ አንካሳ አንዱን እግር ይስታል። ይኼ ግን አልዘለለም፤ አራቱም ይሠራሉ፤ እንደሚተነፍስ ሰው ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ረኀብ ነው ልጆቼ፤ አየሩ በዝቶበት ቤንዚኑ አንሶታል።»

ከዚያ ሾፌሩን ቾኩን በጥቂቱ እንዲስብ አዘዙት። ሞተሩ ጸጥ ብሎ በአንድ ዙር ቆመ። መልሰው ሲያስገቡት መዋለሉ ተመለሰ። ሾፌሩ ለወራት መድኃኒት አድርጎት የነበረው ነገር ምርመራ ኖሯል ማለት ነው። ቾክ የአየሩን መግቢያ አጥብቦ የቤንዚኑን ድርሻ የሚያበዛ ክዳን ነውና፣ በሞቀ ሞተር ላይ እርሱ ሲሳብ መዋለሉ ከቆመ፣ ጉድለቱ የቤንዚን ማነስ ወይም የአየር መብዛት እንደሆነ ታወቀ። ሲሳብ የሚብስበት ከሆነ ግን ተቃራኒውን እንፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ማለት ግድ ይሆንብናል፤ መቼም አስተማሪ ነን። በማሠልጠኛ ኮሌጁ ሳለን፣ ወገቡ የጠበበ ቧንቧ በሰሌዳ ላይ ሥለን፣ አየር በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ እንደሚጨምርና ግፊቱ እንደሚቀንስ ተምረናል፤ ጣሊያናዊው ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ያሳተመው ነገር ነው። ለተማሪዎቻችንም እንዲሁ በሰሌዳ ስለን አስተምረናል። ፍሊት ሲነፋ ያየ ሰው ግን ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ ነፋሱ በቱቦዋ አፍ ላይ ሲያልፍ መድኃኒቱ ከቆርቆሮው ተስቦ ጉም ሆኖ ይወጣል። ካርቡራቶር ማለት ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ የሚስበው ፍሊት ነው። መጠኑ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በስፍር ስናስበው አንድ ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር ገደማ አየር ይበላል፤ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 45 ጊዜ ሞልቶ እንደመገልበጥ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሰፍረው መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ናት። በሚኒሞ ጊዜ ቢራቢሮ የመሰለችው ክብ በር ልትዘጋ ትደርሳለች፤ ቤንዚኑም በዋናው መንገድ መምጣቱን ትቶ የሚያልፈው ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ በማትሰፋ የናስ ጂግለር በኩል ነው። እርስዋ ላይ ትንሽ ጉድፍ ቢቀመጥ፣ ወይም ከበታች በኩል ያልተፈቀደለት አየር በስንጥቅ ቢገባ፣ ድብልቁ ይሳሳል። ሞተሩ ይደክማል፤ ዙሩ ሲወርድ ልኩ ለአፍታ ይለወጥና የሚነድ ነገር ያገኛል፤ ይነሣል፤ ሲነሣ ዳግመኛ ይሳሳበታል። መዋለል የምንለው ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ከፍታም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለደጋ ተብሎ ትንሽ ጂግለር የገባለት መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ በከባዱ አየር ይራባል። የምዜ መኪና ግን ዕድሜዋን በቱርካና ቆላ የኖረች ናትና ይህ አይመለከታትም ነበር፤ ከኪታሌ ወይም ከናይሮቢ መኪና ለሚያመጡ ይጠቅም እንደሆነ ብለን ጻፍነው።

ጋሼ ቀጥለው ውኃ አስመጡ። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ተገኘና፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ ካርቡራቶሩ ከመግቢያ ቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጠብታ ጠብታ እያደረግን ውኃ አፈሰስን። በሦስቱ ጎን ምንም አልሆነም። በአራተኛው ጎን ውኃው ጠፋ፤ ሞተሩ ጠጣው፤ ድምፁም ወዲያው ተለወጠ። ልጆቹ አጨበጨቡ። በየጋራዡ ይህንን ምርመራ በቤንዚን የሚያደርጉ እንዳሉ ሰምተናል፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን መግቢያው ቧንቧ ከጋለው የጭስ ማውጫ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ፣ ቤንዚን የሚያፈስ ሰው መኪናውንም ቅንድቡንም ያጣል። ውኃ ይበቃል።

ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ ታወቀ። ጋሼ ግን «ረኀቡ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ሆዱን እንየው» ብለው ካርቡራቶሩ እንዲወርድ አዘዙ። ስማቸውን በጣሊያንኛ የሚጠሩት ዕቃዎች ለምዜ ሾፌር በስዋሂሊ ሌላ ናቸው፤ እርሱ ካቡሬታ ይላል፤ እርሳቸው ካርቡራቶር። ሁለቱም በቃል አልተግባቡም፤ በጣት ግን ለአፍታም አልተሳሳቱም።

ሲከፈት፣ ቤንዚኑ በሚጠራቀምበት ገንዳ ሥር እንደ ሽሮ የደቀቀ ዝቃጭ ተኝቷል። ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እዚህ ቤንዚን የምንገዛው በጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ትናንት ሌላ ነገር ይዞ ነበር፤ በላዩም የካኩማ አቧራ አለ። ብዙ ከተቀመጠ ቤንዚን ደግሞ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። የሚኒሞዋን ጂግለር አውጥተን ወደ ፀሐይ ብናነሣት ብርሃን አላሳለፈችም። አንዱ ልጅ ፈጥኖ የሽቦ ቁራጭ አቀረበ፤ ጋሼ እጁን መቱት። ናስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ የነካው ቀዳዳ ይሰፋል፤ የሰፋ ጂግለር መልሶ አይጠብም። በንጹሕ ቤንዚን አሳድረን፣ ከቱርካና ሐይቅ ደረቅ ዓሣ የሚያመጡት ነጋዴዎች ከሰጡን የመረብ ናይለን አንድ ክር በቀስታ አሳለፍንባት፤ ከዚያም በብስክሌት መንፊያ ነፋናት። ፀሐይዋ በውስጧ ስትታይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰች ክብ ብርሃን ነበረች።

ትልቁ ሥራ ግን የክዳኑ ሆነ። በዚህ ዓይነት ላንድሮቨር ላይ የሚገኘው ዜኒት 36 የተባለው ካርቡራቶር፣ ጂግለሮቹን የያዘው ክፍልና ክዳኑ ከቀላል ብረት የተሠሩ ናቸው። በዘመን ብዛትና በሙቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሎኑን ያለ ልክ በሚያጠብቁ ብርቱ እጆች ምክንያት፣ ይጎብጣሉ። የጎበጠ ገጽ ደግሞ አየርንም ቤንዚንንም ያላግባብ ያሳልፋል። መጉበጡን ለማየት የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ መስተዋቱን አዋሰን፤ ሲበደር ያሳየውን ፊት በሌላ ጊዜ እንጽፈው ይሆናል። ክፍሉን በመስተዋቱ ላይ ብናስቀምጠው በመካከሉ ብርሃን አለፈ።

ከዚያ በመስተዋቱ ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተን ውኃ አርከፈከፍንበት፤ የብረቱንም ገጽ በእርሳስ አጠቆርነው። ጋሼ አሠራሩን ካሳዩን በኋላ እያንዳንዳችን በተራ፣ ሳንጫን፣ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ እየሠራን አሸነው። እርሳሱ ከዳር ዳር ጠፋ፤ በመካከሉ እንደ ሐይቅ ቆየ። ሐይቁ እያነሰ እያነሰ ሄደ። ግማሽ ቀን ፈጀብን። የመጨረሻዋ የእርሳስ ነጥብ ስትጠፋ ጋሼ «በቃ! አንድ ዙር አትጨምሩ» አሉ፤ ብረቱ የሚፋቀው ሜዳ እስኪሆን ነው እንጂ እስኪያልቅ አይደለምና። የፈተና ወረቀት ስናርም እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ በመካከላችን ወርዶ አያውቅም። የብርጭቆው ብናኝ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እንዳይቀር ሦስት ጊዜ አጠብነው።

በክዳኑና በገላው መካከል አንዲት ቀለበት ጎማ ትገባለች። የነበረችው ደርቃ ተሰነጣጥቃ ስትነካ ፈረሰች። ካላማዳሪ ቆርጠን እንሥራ ያሉ ነበሩ፤ ይህ አይሆንም። የካላማዳሪ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ መንገዱን ይዘጋል። ለሞተር ብስክሌት የቤንዚን መክፈቻ የሚሸጠው ቀለበት ግን ቤንዚን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከገበያው መለዋወጫ ሻጭ በልኩ አገኘን። የታችኛውን ጓርኒሲዮን ደግሞ ከአሮጌ የተማሪዎች መዝገብ ጠንካራ ልባድ ላይ ሠራነው፤ ልባዱን በጠርዙ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ አናት ቀስ በቀስ እየመቱ ቅርጹን ማውጣት ነው። በውስጡ «የቀሩ» የሚለው ቃል እንደተጻፈ ገብቷል። ጊዜያዊ ነው፤ እውነተኛው ከኪታሌ እስኪመጣ።

ስንገጥም ብሎኖቹን ሁሉ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በሁለት ጣት ኃይል አጠበቅን። የአየር ማጣሪያውንም ረስተን አናልፍም፤ የዚች መኪና ማጣሪያ አየሩን በዘይት ላይ አሳልፎ አቧራውን የሚያስቀር ነው፤ ዘይቱ ጭቃ ሆኖ አገኘነው፤ አጥበን አዲስ አፈሰስንበት። የድብልቁን ብሎን በቀስታ እስኪቆም አስገብተን አንድ ዙር ተኩል መለስነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ዙሩ ከፍና ቀጥ የሚልበትን ቦታ በጆሮ እየፈለግን አቆምነው፤ ቀጥሎ የዙሩን ብሎን ዝቅ አደረግን። ብሎን የሚዞረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁሉ ነገር ታጥቦና ተደፍኖ ካለቀ በኋላ።

ላንድሮቨርዋ ቾክ ሳይሳብ ቆመች። ምዜ ከጎጆአቸው ወጥተው፣ ሞተሩ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ እጃቸውን በኮፈኑ ላይ አኖሩ፤ ሲንቀጠቀጥ አገኙትና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ጊዜ በላይ ታራችን በሌሊት ተሻግራለች፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ለወላድ ነበሩ። ገንዘብ ያዣችንም የቤንዚኑን ልዩነት በመዝገባቸው ጽፈውታል፤ ማየት የሚፈልግ አባል ይጠይቃቸው።

ያልተፈወሰ ነገርም አለ። ቢራቢሮዋን የሚያዞረው ዘንግ በዕድሜ ብዛት ልል ሆኗል፤ በጣት ሲወዘወዝ ይንቀሳቀሳል፤ በዚያም ትንሽ አየር ይገባል። ለዚህ የናስ ቡሽ በመቆርቆሪያ ማሽን መሠራት አለበት፤ ማሽኑ በቅርባችን የለም። ጋሼ ቅባት ይበቃዋል ብለዋል፣ ለጊዜው። በትኩሱ ሰዓት ቆማ ስትነሣ አልፎ አልፎ የምትንተፋተፈው ግን የቤንዚን መሥመሯ በሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ በጨርቅ ሸፍነን ከጋለው ብረት አርቀነዋል።

የስልክ ቻርጅ ቤቶችና የፊልም ቤቱ ጄኔሬተሮችም እንዲሁ ይዋልላሉ፤ ማታ ማታ መብራቱ ሲደምቅና ሲፈዝ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ይኸው የተደፈነ ጂግለር ነው። የፊልም ቤቱ ባለቤት ቅዳሜ ከቀትር በፊት የእርሱን እንድንከፍት ፈቅዷል። ጋሼ ይመጣሉ። መማር የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ንጹሕ ጨርቅና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ካቻቢቴ አታምጡ፤ ከእኛ ዘንድ አንድ አለ።